በፊልሙ ላይ ስማቸው የሌለ ባለሙያ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ዛሬ ሥልጠናችሁን የምትጨርሱ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ካስቲንግ፣ ማለትም ለፊልም ተዋናይ ስለመምረጥ ሥራ፣ እንድናገር ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት «ኦዲሽን፣ የተዋናይ መምረጫው ፈተና፣ እንዴት ይታለፋል» የሚለውን ምክር እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን የሚነግራችሁ ሞልቷል። እኔ የማወራችሁ ከጠረጴዛው ወዲያ ስለተቀመጠው ሰው ነው፤ ወረቀት ይዞ ዝም ብሎ ስለሚያያችሁ፣ እናንተም ስለምትፈሩት። ለዚህም አንዲት አሜሪካዊት መርጫለሁ፦ ማሪየን ዶኸርቲን። ስማቸውን ሰምታችሁ እንደማታውቁ እገምታለሁ። አል ፓቺኖን፣ ደስቲን ሆፍማንን፣ ክሪስቶፈር ዎከንን፣ ግሌን ክሎስን ግን ታውቃላችሁ። እነዚህ ሁሉ ገና ማንም ሳያውቃቸው ወይም በፊልም ሥራቸው መጀመሪያ ላይ በእኚህ ሴት እጅ ያለፉ ናቸው።

ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1923 በፔንሲልቫኒያ ግዛት ሆሊዴይስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ኒውዮርክ መጥተው «ክራፍት ቴሌቪዥን ቲያትር» የሚባል ፕሮግራም ውስጥ ሥራ ያዙ። ክራፍት የአይብ ኩባንያ ነው፤ ለማስታወቂያው ሲል በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት ድራማ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። በቀጥታ ስላችሁ፣ ተዋናዩ ቃሉን ከረሳ መላው አሜሪካ ሲረሳ ያየዋል። በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት፣ በየሳምንቱም አዲስ ተዋናይ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ትንሽ ስለነበር ታዋቂ ሰው መጥራት አይታሰብም። ስለዚህ ዶኸርቲ ማታ ማታ ትንንሾቹን ቲያትር ቤቶች እየዞሩ ያያሉ፤ ያዩትን ሰው ሁሉ በትንሽ ካርድ ላይ ይመዘግባሉ። ጄምስ ዲን ኮከብ ከመሆኑ በፊት በዚያ ፕሮግራም ላይ ተጫውቷል።

በዚያው ዘመን ሆሊውድ ውስጥ ሥራው ፈጽሞ ሌላ ነበር። ተዋናዩ የስቱዲዮው ደመወዝተኛ ነው፤ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ውል ይታሰራል። የስቱዲዮው ሠራተኛ ዝርዝሩን ገልጦ «ክፉ ሰው ስጡን» ሲባል ክፉ የሚመስለውን፣ «እናት ስጡን» ሲባል እናት የምትመስለውን ይልካል። የቴአትር ቤት ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ በብሔራዊም በሀገር ፍቅርም ቋሚ ተዋናይ ደመወዙን እየተቀበለ ምደባውን ይጠብቃል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስቱዲዮዎቹ ላይ ፈረደባቸው፣ ሲኒማ ቤቶቻቸውን መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። ቴሌቪዥኑም ተመልካቹን ወሰደባቸው። ቀስ በቀስ ያ ሁሉ ደመወዝተኛ ተዋናይ ተበተነ። እንግዲህ ማን የት እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚችል በጭንቅላቱ የያዘ ሰው ዋጋ ያገኘው ያኔ ነው። ዶኸርቲ ደግሞ ሳጥን ሙሉ ካርድ ነበራቸው።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ።

ከክራፍት በኋላ «ኔኪድ ሲቲ» እና «ሩት 66» ለሚባሉ ሁለት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች ተዋናይ ይመርጡ ነበር። በኔኪድ ሲቲ ላይ ጆን ቮይት ለሚባል ጀማሪ ልጅ ሚና ሰጡት። ልጁ አበላሸው። ተራ ማበላሸት አልነበረም፤ እሱ ራሱ በኋላ በአደባባይ የሚያወራው ውድቀት ነው። የመረጠችውንም ሴት እንዳሳፈራት ያውቃል።

እዚህ ላይ እኔ ብሆን፣ እናንተም ብትሆኑ፣ የምናደርገው ይታወቃል። ካርዱን ወደ ኋላ እንከታለን። ሙያችን ጠባብ ናት፤ «እሱ እኮ እንዲህ አድርጎ ጉድ ሠራን» ከተባለ ያ ሰው አምስት ዓመት አይጠራም። ተዋናዩ ለምን እንዳልተጠራ እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።

ዓመታት አለፉ። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ጆን ሽሌሲንገር «ሚድናይት ካውቦይ» የሚለውን ፊልም ሊሠራ ተነሣ። ዋናው ገጸ ባህሪ ከቴክሳስ ወደ ኒውዮርክ የሚመጣ ጎረምሳ ነው፤ ራሱን እንደ ጉድ የሚያይ፣ ከተማዋ የምትጫወትበት የዋህ። ዶኸርቲ ያን ያበላሸውን ልጅ አነሡ። ዳይሬክተሩ አልተዋጠለትም፤ ሌላ ተዋናይ ላይ ዓይኑን ጥሎ ነበር። እሳቸው ግን ልጁ እንዲታይ ወተወቱ። በመጨረሻ ሚናው ለቮይት ሆነ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣ፤ ምርጥ ፊልምን ጨምሮ ሦስት ኦስካር ወሰደ። ቮይትና አብሮት የተጫወተው ደስቲን ሆፍማን ሁለቱም ለምርጥ ተዋናይ ታጩ።

ፊልሙን ፈልጋችሁ እዩት። ሲያልቅ የሚወጣውን የስም ዝርዝር እስከ መጨረሻው ጠብቁ። የማሪየን ዶኸርቲ ስም የለበትም።

ጥሩ የሠራን ሰው ማንም ያስታውሳል፤ ለዚያ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። ለእኔ ይህ ሥራ ራሱን ችሎ ሙያ የሚሆነው ሲያበላሽ ያያችሁትን ሰው ስታስታውሱ ነው፤ የቱ ጋ እንደጠፋበት፣ የቱ ጋ ደግሞ ለአፍታ እውነት እንደነበረ። ያ አፍታ ነው ካርዱ ላይ መጻፍ ያለበት። ሌላውን ፎቶው ይነግራችኋል።

አንድ ተጨማሪ ልንገራችሁ። ዶኸርቲ በኋላ የፓራማውንት፣ ቀጥሎም የዋርነር ብራዘርስ የካስቲንግ ኃላፊ ሆኑ። በዋርነር ሳሉ «ሊታል ዌፐን» ይዘጋጃል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የሁለቱ ፖሊሶች ፊልም። ከሁለቱ አንዱ ቤተሰቡን የሚወድ፣ ጡረታውን የሚናፍቅ ሰው ነው። ስክሪፕቱ ስለ ቆዳ ቀለሙ አንዲት ቃል አይልም። ዶኸርቲ ዳኒ ግሎቨር የሚባለውን ተዋናይ በሐሳብ አቀረቡ። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ዶነር መጀመሪያ በአፉ የመጣለት «ጥቁር ነው እኮ» የሚል እንደነበረ፣ ወዲያው በራሱ እንዳፈረ፣ ኋላ በካሜራ ፊት ተናግሯል። እሳቸው ስክሪፕቱን ያነበቡት እንደተጻፈ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሳያውቀው የጨመረበትን አልጨመሩም።

እኛስ ስንት ነገር እንጨምራለን? «ሀብታም» የሚል ስናነብ ቦርጭ ያለው ሰው እንፈልጋለን። «የገጠር ልጅ» ሲል አነጋገሩን የሚያዛባ አዲስ አበቤ እናመጣለን፤ ጎጃምና ወሎ ሰው ያለቀ ይመስል! «ቆንጆ» ሲል ደግሞ የምናስባት አንዲት መልክ ብቻ ናት። ብዙ ጊዜም ምርጫው ከስክሪፕቱ ሳይሆን ከፖስተሩ ይጀምራል፦ ፕሮዲዩሰሩ «ማን ሲለጠፍ ሰው ይገባል?» ይላል፣ ስም ይጠራል፣ ከዚያ ገጸ ባህሪው ለዚያ ሰው ይሰፋል። ፕሮዲዩሰሩን አልወቅስም፤ ገንዘቡን ያወጣው እሱ ነው። ግን ዋናውን ለፖስተሩ ከሰጣችሁ የቀሩትን ስምንት ሚናዎች እንኳ ለፊልሙ ስጡት። ደጋፊ ተዋናዮቹ ሲሳሳቱ ኮከቡም ሐሰተኛ ይመስላል።

ከእናንተ መካከል ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ካላችሁ ቀኑ የሚያልቅበትን ነገር እወቁት። ስክሪፕቱን ደጋግሞ ማንበብ፤ እያንዳንዱ ገጸ ባህሪ በፊልሙ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለይቶ መጻፍ፤ ለኦዲሽን የሚሆነውን ትዕይንት መቁረጥ። ብዙ ጊዜ የሚያለቅስበት ገጽ ይመረጣል፤ እኔ የሚዋሽበትን ገጽ እመርጣለሁ፣ ማልቀስ ይለመዳል። ከተዋናዩ ጋር ምልልሱን የሚያነበው ሰው ወሳኝ ነው፤ ስልኩን እያየ የሚያነብ ረዳት ጥሩ ተዋናይ ይገድላል። ከዚያ የቀን ጉዳይ፣ የክፍያ ጉዳይ፣ ሁለቱ ተዋንያን አብረው ሲቆሙ ምን እንደሚመስሉ ማየት። በመጨረሻም ዳይሬክተሩ «ይሄ ልጅ የኔ ግኝት ነው» ሲል ዝም ማለት። ይህንን የማይችል ሰው ሌላ ሙያ ይፈልግ።

ስለ ክብሩ በአጭሩ። ካስቲንግ ለሠራ ሰው በፊልም ላይ ስሙ ለብቻው የወጣለት የመጀመሪያው ሊን ስታልማስተር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1968። የዳይሬክተሮች ማኅበር ሌላ ሰው «ዳይሬክተር» መባሉን ሲቃወም ኖሯል፤ ለዚያ ነው በብዙ ፊልሞች ላይ «ካስቲንግ በእገሌ» ብቻ ተብሎ የሚጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2005 የካስቲንግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ሲያስፈልጋቸው የተቀበላቸው የከባድ መኪና ሾፌሮች ማኅበር ነው። ቀልድ አይደለም፤ እስከ ዛሬም በዚያው ናቸው። ለዶኸርቲ የክብር ኦስካር እንዲሰጥ የታወቁ ተዋንያን ደብዳቤ ቢጽፉም አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳያገኙት አረፉ። ስታልማስተር እ.ኤ.አ. በ2016 አገኘ። የዶኸርቲ ረዳት ሆና የጀመረችው ጁልየት ቴይለርም እ.ኤ.አ. በ2024 አገኘች። በዚያው ዓመት ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ለካስቲንግ ራሱን የቻለ ሽልማት እንዲኖር ወሰነ፤ ከእ.ኤ.አ. 2025 ፊልሞች ጀምሮ። ኦስካር መሰጠት ከጀመረ ወደ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው።

ልቋጭ ስል አንድ ጉዳይ ቀረኝ፤ ይህንን ለተዋንያኑ ነው የምለው፣ በተለይ ለሴት ልጆች።

ለኦዲሽን ገንዘብ አይከፈልም። «መመዝገቢያ»፣ «የፎቶ»፣ «የፋይል መክፈቻ» ቢባልም ያው ነው። ካስቲንግ የሚሠራው ሰው ደመወዙን የሚያገኘው ከፕሮዲዩሰሩ እንጂ ከእናንተ አይደለም። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ወርክሾፕ» እያሉ ተዋናይን በገንዘብ ካስቲንግ ሰዎች ፊት ያቀርቡ የነበሩ ድርጅቶችና ግለሰቦች በከተማው ዐቃቤ ሕግ ተከሰዋል። በዓመቱ ደግሞ የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ኦዲሽን በሆቴል ክፍልና በግል መኖሪያ ቤት እንዳይደረግ መመሪያ አወጣ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መመሪያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ቦታው ቢሮ ወይም አዳራሽ መሆኑን በስልክ ጠይቁ፤ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ስክሪፕቱን አስቀድሞ የማይልክ «ና ብቻ» ወይም «ነይ ብቻ» የሚል ሰው ፊልም የለውም። ብቻሽን ነይ ካለሽ አትሂጂ፤ ሚናው ቢቀር ይቅር።

ካስቲንግ የምትሠሩት ደግሞ፣ ያልመረጣችሁትን ሰው ደውላችሁ «በዚህኛው አልሆነም» በሉት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ልጁ ግን ሳምንት ሙሉ ስልኩን እያየ ነው የሚከርመው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ መድረክ መሪያችን ማይኩን ያዞራል። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።