«እኔ ማን ነኝና?»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ የጠየቀችኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ እሱኑ ላውራችሁ።

የሁለተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ ናት። አርቲክል ሪቪው ሰጥቻቸዋለሁ። ኮሌጅ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ የታተመ ጥናት ይሰጥሃል፣ አንብበህ ሂስ ትጽፋለህ። ጥናቱን ፕሪንት አድርጋ ቢሮዬ መጣች። ወረቀቱ እንደተጠረዘ ነው፤ እስክሪብቶ ያረፈበት ቦታ የለም። «ቲቸር፣ ሦስቴ አንብቤዋለሁ» አለችኝ። «ግን እኔ ማን ነኝና ነው የስታንፎርድ ፕሮፌሰር የጻፈውን የምተቸው?»

ስንፍና አልነበረም። አክብሮት ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብለን እየሰማን ነው ያደግነው። የታተመ ነገር ሲሆን ደግሞ ይብስብናል። ስለዚህ «አይዞሽ፣ ዝም ብለሽ ጻፊ» ብዬ መሸኘት አልፈለግኩም። ሐሙስ ተመለሺ አልኳት። ከዚያ እስከ ሐሙስ ሳስብበት ቆየሁ።

እኔም እሷ የቆመችበት ቦታ ቆሜ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ሪቪዬ ስድስት ገጽ ነበር። ጥናቱ ምን እንዳለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፍኩ። መምህሬ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አሰፈሩበት፤ «ጥናቱን አንብቤዋለሁ። አንቺ የት አለሽ?»

በሁለተኛው ላይ እልህ ያዘኝ። ናሙናው፣ ማለት የተጠኑት ሰዎች ቁጥር፣ ትንሽ ነው፣ ጥናቱ የቆየ ነው፣ አንድ ከተማ ላይ ብቻ ነው የተሠራው፣ ያገኘሁትን ሁሉ ደረደርኩ። አስጠሩኝ። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ናሙናው ትንሽ ነው ብለሻል። ስንት ቢሆን ይበቃሽ ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ቀስ ብለው ደገሙልኝ፤ «ትንሽ፣ ለምኑ?»

ይቺን «ለምኑ» የምትል ቃል እስከ ዛሬ ይዣታለሁ።

አሁን ተማሪዬ የያዘችውን ጥናት ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ወሬውን ሰምታችሁታል። አንድ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ማርሽማሎ ይቀመጥለታል፣ ለስላሳ ነጭ ከረሜላ። «እስክመለስ ሳትበላ ከጠበቅከኝ ሁለት ትበላለህ» ይባላል። አዋቂው ይወጣል። ዋልተር ሚሼል የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነው ይህን የጀመረው፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ መዋዕለ ሕፃናት። በኋላ ልጆቹ ሲያድጉ ተከታተሏቸውና በፈረንጆቹ 1990 አንድ ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ ወሬው ዓለምን ዞረ፤ የጠበቀ ልጅ በትምህርቱ ይሳካለታል፣ ያልጠበቀ አይሳካለትም። አዲስ አበባ ውስጥ በስንት የማነቃቂያ ስልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የጥናት ሥሩ ሜቶዱ፣ የተሠራበት መንገድ ነው። ተማሪ አብስትራክቱን፣ መግቢያው ላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ፣ ያነብና መደምደሚያው ላይ ይዘላል። መሀሉ ቁጥር ስለሆነ ያስፈራል። እኔ ግን ተማሪዎቼን መጀመሪያ መሀሉን እንዲያነቡ ነው የምለምናቸው። ማንን ነው ያጠኑት? ስንት ሰው ነበር፣ መጨረሻ ላይስ ስንት ቀረ? ምኑን ነው የለኩት?

እዚህ ጥናት ላይ ይህን ስታደርጉ የሚሆነውን ተመልከቱ። ከ1968 እስከ 1974 ባለው ጊዜ የተፈተኑት ልጆች 653 ናቸው። ከዓመታት በኋላ ለወላጆቻቸው መጠይቅ ሲላክ የ185ቱ ልጆች መልስ ተገኘ። ልጁ የጠበቀው ጊዜ ኤስኤቲ ከሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤት ጋር ያለው ያ ታዋቂ ተዛምዶ ደግሞ የታየው በአንድ ዓይነት አቀራረብ ብቻ ነው፤ ጣፋጩ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ልጁ እንዴት እንደሚታገስ ምንም ምክር ሳይሰጠው። በዚያ ቡድን ውጤታቸው የተገኘው ስንት ናቸው? 35። ሠላሳ አምስት ልጆች። ሁሉም የሄዱበት መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ያው የዩኒቨርሲቲው ነው።

እና አሁን «ትንሽ ለምኑ?» ብለን እንጠይቅ። የእነዚህን ልጆች ነገር ለማውራት 35 ይበቃ ይሆናል። የዓለምን ልጅ ሁሉ ዕጣ ለመናገር አይበቃም። እኔን የነካኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ይህንን ጽፈውታል። ቁጥሩ ትንሽ በመሆኑ ተዛምዶው ከእውነተኛው በላይ ገኖ ሊሆን ይችላል ብለው አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያውን የጣለው ወሬውን ያዛመተው ሰው ነው። ስለዚህ ሂስ ስትጽፉ ጥናቱ ያለውንና ሰዎች ጥናቱ አለ የሚሉትን ለዩ። ጸሐፊው ያላለውን ሰጥቶ መምታት ግፍ ነው።

ሐሙስ ከመድረሱ በፊት አያቴ ትዝ አሉኝ። ቤተ ክህነት ያደጉ ሰው ነበሩ። የአንድምታ ትርጓሜ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ የግዕዝ ንባብ ይነበብና መምህሩ ይተረጉሙታል። ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጉም ይጨምራሉ። እንደገና «አንድም»። ንባቡ ይከበራል፣ ግን አንድ ፍቺ ብቻ ይዞ አይቀርም። አያቴ ይህንን ለኑሮም ያውሉት ነበር። አንዴ ጎረቤታችን ለቅሶ ሳይደርሱን ቀሩ። ቤቱ ሁሉ ተቀየመ። አያቴ «ቂም ይዘውብን ይሆናል» አሉ። «አንድም ታመው ይሆናል። አንድም መርዶው አልደረሳቸው ይሆናል።» ከዚያ ልጅ ላኩና አስጠየቁ።

ሂስ ማለት ለእኔ ይኸው ነው። ልጁ ማርሽማሎውን ሳይበላ የጠበቀው ራሱን መግዛት ስለሚችል ነው። አንድም ቤቱ ሞልቶ የተረፈ ስለሆነ አንድ ጣፋጭ አያጓጓውም። አንድም አዋቂ ቃል ገብቶ ሲፈጽም እያየ ስላደገ ነው። ሦስቱም ልጁን ያስጠብቁታል። ጥናቱ ሦስቱን መለየት ይችላል ወይ? የሂሱ እምብርት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛውን አንድም የፈተነች ተመራማሪ አለች፣ ሰለስት ኪድ ትባላለች። ቤት የሌላቸው ቤተሰቦች በሚጠለሉበት ቦታ ሠርታ ታውቃለች። እዚያ ያሉ ልጆች ማርሽማሎው ቢሰጣቸው ወዲያው እንደሚበሉት ታሰባት ነበር። ነገ በማይታመንበት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ምን ብሎ ይጠብቃል? ከባልደረቦቿ ጋር በ2013 ያሳተመችው ጥናት 28 ልጆች ብቻ ነበሩበት። ለልጆቹ የተሻለ የቀለም እርሳስ አመጣላችኋለሁ የሚል አዋቂ ነበር። ለግማሾቹ ቃሉን ጠበቀ። ለግማሾቹ ባዶ እጁን ተመልሶ «ይቅርታ፣ የለም» አለ። ከዚያ በስቲከር ደገሙት። ማርሽማሎው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቁ። ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል። 15ቱን ደቂቃ እስከ መጨረሻ የጠበቁት ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች 9 ሲሆኑ፣ ከሁለተኞቹ 14 ግን አንድ ብቻ ነው።

ይህን ሳነብ ከቀለም እርሳሱ ጋር ባዶውን ጠረጴዛ እያየ የቀረው ልጅ ፊቴ ላይ ይመጣብኛል። ያንን ልጅ «ራሱን አይገዛም» ብለን ብንጽፍበት ኖሮስ?

እና ልብ በሉ፣ 28 ከ35 ያንሳል። ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ልጆቹ በዕጣ ነው የተመደቡት፤ የአዋቂው ቃል መታጠፍ ያስከተለውን ለማየት ታስቦ ነው የተሠራው፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። መምህሬ «ለምኑ?» ሲሉኝ ይህን ነበር ሊያሳዩኝ የፈለጉት።

በ2018 ደግሞ ዋትስ፣ ደንካንና ኳን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ900 በላይ የሆኑ የአሜሪካውያን ልጆችን መረጃ አይተው ነገሩን እንደገና መረመሩ። ተዛምዶው ከድሮው በግማሽ ያህል አነሰ። የቤተሰቡን ሁኔታና ልጁ ገና ትንሽ ሳለ የነበረውን ችሎታ በስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡ ደግሞ ከዚያው ላይ ሁለት ሦስተኛው ሟሟ። ተማሪ እዚህ ሲደርስ «በቃ፣ ሚሼል ተሸነፈ» ብሎ ይዘጋዋል። አይዘጋም። እዚህ ላይ ፈተናው ቢበዛ 7 ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ የድሮው ከዚያ ይረዝማል። ደግሞ የልጅነት ችሎታን ቆጥሮ መቀነስ ራሱ ትዕግሥቱን አብሮ ቀንሶት ሊሆን አይችልም? አንድም ለተቺውም ይሠራል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ብቻ። «ጥናቱ ደካማ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ሰርዟትና የትኛው ክፍል፣ ለየትኛው መደምደሚያ እንደማይበቃ ጻፉ። የጠነከረውንም እንዲሁ። «ጥናቱ በጣም ጥሩ ነው» የሚል ሙገሳ ለጸሐፊው ምንም አይሰጠውም።

ሐሙስ ልጅቷ መጣች። ስለ አያቴ ነገርኳት፣ ስለ ጎረቤታችንም። ሳቀች። «የእኔም እናት እንደዚህ ናት» አለች። ካሜሩን ውስጥ ንሶ በሚባለው ማኅበረሰብ ስለተሠራው ተመሳሳይ ፈተናም አወራን። እዚያ የአራት ዓመት ልጆች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ጠብቀዋል፤ ጀርመን ውስጥ ከአሥሩ ሦስት እንኳ አልሞሉም። ፀጥ አለች። «ታዲያ እኛ ጋ ቢሠራስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «አንድም» ብላ ጻፈች። ትንሽ ዝቅ ብላ እንደገና «አንድም»። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ከ185 ወደ 35 የወረደው ለምን እንደሆነ እስኪ አብረን እንየው» አለችኝ። ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።