እትብት ውስጥ የሚዞረው አንጀት
(ድሬዳዋ ላይ ለአዋላጅ ነርሶች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አዋላጅ ነርሶችና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቀለም ነው፤ ስለ አረንጓዴ። አራስ ልጅ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው ብላችሁ ያዙት። ምክንያቱ የሚጀምረው ጽንሱ ባቄላ በሚያክልበት ጊዜ ነው። የምጠራቸው ሳምንታት ከፅንሰት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እናንተ ከመጨረሻው የወር አበባ ስለምትቆጥሩ ሁለት ጨምሩበት።

በ4ኛው ሳምንት ጠፍጣፋው ጽንስ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አንጀት ቱቦ ሆኖ ይሠራል። ጎረቤታችን ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ይህ ቱቦ ያለው ሁለት ብቻ ነው፣ እነሱም መጀመሪያ ዝግ ናቸው። የአፉ ግርዶሽ እዚያው 4ኛው ሳምንት ላይ ይቀደዳል፤ የፊንጢጣው እስከ 8ኛው ይቆያል። የታችኛው አንጀት በደንብ ካልተሠራ ልጁ ያለ ፊንጢጣ ይወለዳል። ስለዚህ ቀዳዳውን ገልጣችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሴት ልጅ ከሆነች ዳይፐሩ ላይ ሰገራ መኖሩ አያዘናጋችሁ፤ በብልት በኩል የወጣ ሊሆን ይችላል።

ወደ መካከለኛው አንጀት ልምጣ። በ6ኛው ሳምንት ጉበት ሆዱን ይሞላዋል፣ አንጀቱ ደግሞ በፍጥነት ይረዝማል። ቦታ ሲያጣ ወደ እትብቱ ሥር ይወጣል። ይህ በሽታ አይደለም። አልትራሳውንድ የምታነሡ፣ በእናንተ አቆጣጠር ከ12 ሳምንት በፊት እትብት ውስጥ አንጀት ስላያችሁ ብቻ እናቲቱን አታስደንግጧት።

እስቲ መቀነት ያላችሁ አጥፋችሁ ወደ ፊት ዘርጉት፣ በሁለቱ እጥፋት መካከል አንድ ጣት አስገቡ። ጣቱ ደም ወሳጁ ቧንቧ ነው። ከፊት ለፊታችሁ የቆመ ሰው ሲያየው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ አዙሩት፦ ሲወጣ 90 ዲግሪ፣ በ10ኛው ሳምንት ወደ ሆድ ሲመለስ 180፣ በድምሩ 270። ዙሩ ሲያልቅ የአንጀቱ ማሰሪያ ከሆድ ግራ ላይኛው ጥግ እስከ ቀኝ ታችኛው ድረስ በሰፊው ይጣበቃል። ዙሩ መሃል ላይ ከቆመ ግን ማሰሪያው ጠባብ ይሆናል፤ አንጀቱ በአንድ ገመድ እንደተንጠለጠለ ባልዲ ይሽከረከራል፣ ደም ወሳጁም አብሮ ይጠመዘዛል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንጀቱ ሊሞት ይችላል።

ትውከቱ አረንጓዴ የሚሆነው የተዘጋው ቦታ ሐሞት ከሚፈስበት ቀዳዳ በታች ስለሆነ ነው። በ2 እና በ8 ሳምንት ዕድሜ መካከል የሚመጣው የጨጓራ መውጫ መጥበብ ነጭ ወተት የሚያስመልሰው ከቀዳዳው በላይ ስለሚዘጋ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያታልለን ሆዱ ነው። መዘጋቱ ላይኛው ክፍል ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ሆዱ ለስላሳ ነው፣ አይነፋም፤ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራም አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ሆዱ እስኪነፋ ወይም ደም እስኪያወጣ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል።

አረንጓዴ ስታዩ ጡት አቁሙ። ቅቤም፣ ስኳር ውሃም አይሰጥ፤ አያቶችን በትሕትና፣ ግን በግልጽ ንገሯቸው። 8 ቁጥር ቱቦ ወስዳችሁ ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ጫፍ፣ ከዚያም በደረት አጥንት ጫፍና በእምብርት መካከል እስካለው ቦታ ለኩና አስገቡ። (10 ሴንቲሜትር አካባቢ እምቢ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የምግብ ቧንቧው ራሱ ተቋርጦ ይሆናል።) ቱቦውን አትድፈኑት፤ ጫፉን ክፍት አድርጋችሁ ከሆዱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ደም ሥር ክፈቱ፣ 10 በመቶ ግሉኮስ ጀምሩ፣ ለሚቀበለው ሆስፒታል ደውሉ።

ወደ ሐረር የምትልኩ ከሆነ ልብሱን አስቡበት። ድሬ ሙቀት ነው ተብሎ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ልጅ ዳገቱን ሲወጣ ይበርደዋል። ኮፍያ አድርጉለት፣ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይሁን። ደንገጎ ስትደርሱ ቱቦው እንዳልታጠፈ ደግማችሁ እዩ።