ዓይን ስለ ዓይን፣ ግን የማን ዓይን?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ የጥንቷን ባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢን ይዤ ነው የመጣሁት።

"ዓይን ስለ ዓይን" ሲባል ሁላችንም ፍትሕ ይመስለናል። እስቲ የባቢሎኑን ሕግ ጠጋ ብለን እንየው። ነፃ ሰው የእኩያውን ዓይን ካጠፋ የራሱ ይጠፋል። ከሱ ዝቅ ያለውን ተራ ሰው ዓይን ካጠፋ ግን 60 ሰቅል ብር (ሰቅል የጥንት ሚዛን ነው) ከፍሎ ይገላገላል። የሌላ ሰው ባሪያ ከሆነስ? የባሪያውን ግማሽ ዋጋ ይከፍላል። ካሳው ለባሪያው እንዳይመስላችሁ፤ ለጌታው ነው። ኦሪት ዘጸአትም ባርነትን አላስቀረም። ቢሆንም የባሪያውን ዓይን ያጠፋ ጌታ ስለ ዓይኑ ነፃ ይልቀቀው ይላል። ቢያንስ ተጎጂው ራሱ አንድ ነገር ያገኛል።

ሕጉ የተቀረጸበት ጥቁር ድንጋይ ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ቆሟል። ቁመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ንጉሡ በሕጉ መግቢያ ላይ ኃይለኛው ደካማውን እንዳይበድል ነው የተሾምኩት ይላል። ነጭ ውሸት ነው አልልም። በዕዳ የተያዙ ሚስትና ልጆች 3 ዓመት አገልግለው በ4ኛው ነፃ ይወጣሉ። ባሪያ ሆኖ ለተያዘው ግን ይህች በር ዝግ ናት።

እኔን ከሁሉም የያዘኝ የፀጉር ቆራጩ ሕግ ነው። ባሪያ የሚታወቅበት ምልክት ነበረው፤ የፀጉር አቆራረጥ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ያለ ጌታው ፈቃድ ያንን ምልክት ያጠፋ ፀጉር ቆራጭ እጁ ይቆረጣል። እስቲ አስቡት። አንዱ መጥቶ ይቀመጣል። "ላጨኝ" ይላል። ምላጭ የያዘው ሰውዬ ማን እንደተቀመጠ ያውቃል። እንጀራው በእጁ ነው፤ ያቺኑ እጁን ነው የሚያስይዘው። የኮበለለ ባሪያ ቤቱ የደበቀ ሰው ደግሞ በሞት ይቀጣል። ማንም የማያደርገውን ነገር ድንጋይ ላይ ቀርጾ የሚከለክል ንጉሥ የለም። ላጭተዋል፤ ደብቀዋል።

የመጨረሻው ሕግ፣ 282ኛው፣ ጌታውን "አንተ ጌታዬ አይደለህም" ስላለ ባሪያ ነው። ጌትነቱ ከተረጋገጠ ጌታው ጆሮውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ነገሩ ክርክር ነበረው፤ ማስረጃ ይቀርብበት ነበር። ባሪያው ጆሮው እንደሚቆረጥ እያወቀ ነው አፉን ሞልቶ የካደው።