ጋራዥ ውስጥ የተቃኘች ትዝታ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ የምቀዳው ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ከኋላ የምትሰሙት ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር ግን ጅማ ነው፣ ብጠብቅ ሳልቀዳ ይመሻል።

ለአዲሶቹ፣ ጋራዥ ስላችሁ የምር የመኪና ጋራዥ ነው፣ የአጎቴ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ጥግ ላይ ከባትሪ ቻርጀሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ለቆልኛል፣ እዛ ላይ ነው ሲንተሳይዘር የምሰራው፣ ማለቴ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያወጣ የሙዚቃ ሳጥን። እቃውን ከአሮጌ ሬዲዮ ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ምናምን ነው የምነቅለው፣ ስፒከሩ ደግሞ የሆነ ደንበኛ አዲስ ሲያስገባ ጥሎት የሄደው የመኪና ስፒከር ነው። (በነገራችን ላይ አሮጌ ቴሌቪዥን ግን ዝም ብላችሁ አትክፈቱ፣ በናታችሁ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት እቃዎች ማለቴ ነው፣ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፣ ይጥላችኋል።)

እና ምንድነው የፈለግኩት፣ አምስት ቁልፍ ብቻ ያላት ሳጥን። ትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው አይደል፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ በቃ እሷን ብቻ የምትጫወት። ሰው ኪቦርድ አለ እኮ ይለኛል፣ አዎ አለ፣ ግን ኪቦርድ ላይ ድምፆቹ ፋብሪካ ተቆርጠው የመጡ ናቸው፣ ክራር የሚመታ ሰው ግን መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ይቃኛል፣ ጅማቱን ያጠብቃል ያላላል በጆሮው ይፈልጋታል፣ እኔ ያቺን ፍለጋ ነው ሳጥኑ ውስጥ ማስገባት የፈለግኩት።

ልቧ 555 የምትባል ቺፕ ናት። ሃንስ ካመንዚንድ የሚባል ስዊዘርላንድ የተወለደ ኢንጂነር ነው የሰራት፣ ገበያ ላይ የወጣችው እንደ ፈረንጆቹ በ1972 ነው፣ እስካሁን ይሰራባታል። አሰራሯ ደስ ይላል፣ አንድ ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል፣ ማለት ኤሌክትሪኩን ገታ በሚያደርግ እቃ በኩል፣ ይሞላል፣ የባትሪው ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ቺፗ ታፈሰዋለች፣ አንድ ሦስተኛ ሲደርስ እንደገና ታስሞላዋለች፣ በ9 ቮልት ከ3 ወደ 6 ከ6 ወደ 3 ማለት ነው፣ ይሄ በሰከንድ 440 ጊዜ ከተመላለሰ ላ ሰማችሁ ማለት ነው። ሬዚስተሩ ሲጨምር መሙያው ይዘገያል ድምፁ ይወርዳል። የኔ ካፓሲተር 0.1 ማይክሮ ፋራድ ነው፣ ስለዚህ ላ 16 ኪሎ ኦም አካባቢ ሬዚስተር ትፈልጋለች፣ ዶ ደግሞ 27 አካባቢ። እያንዳንዷ ቁልፍ የራሷ ትሪመር አላት፣ ትሪመር ማለት በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽዬ ሬዚስተር ናት፣ ስለዚህ አምስት ቁልፍ አምስት ብሎን።

በስልኬ ቱነር፣ የድምፅ ልክ የሚያሳይ አፕ፣ ከፍቼ አምስቱንም ልክ አደረግኳቸው፣ ዶ በሰከንድ 261.6 ጊዜ፣ ሚ 329.6፣ እያልኩ፣ እና ነካ ነካ አደርጋለሁ፣ ትዝታ ነው ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል፣ ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ጋሼ ያኔ የአንዱን ዲኤክስ መኪና ሚኒሞ፣ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ እያስተካከለ ነበር። ይሄን አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ያዞራል፣ ይሰማል፣ ትንሽ ይመልሳል፣ ይሰማል። ሌላ ምንም መሳሪያ የለውም፣ ጆሮው ብቻ። ሞተሩን አጠፋና እጁን እየጠረገ መጣ፣ «ሦስተኛዋ ከፍ ብላለች» አለኝ። ጋሼ ቱነሩ ልክ ነው ይላል እኮ ብዬ ስልኩን አሳየሁት። «ስልኩ ትዝታ ያውቃል?» አለኝ፣ የምሩን ነው የጠየቀኝ። ከዛ ያቺን ቀጭን ካቻቢቴ ተቀበለኝ፣ ዶን እያስነካኝ እሱ በአፉ እያንጎራጎረ ሚን ትንሽ፣ የፀጉር ያህል አወረዳት፣ «በቃ፣ አሁን ምታት» አለኝ። መታኋት። አንጀቴን ነው የበላችው።

ስልኩን ሳይ 327። ማታ ቤት ገብቼ አላስችል አለኝና ካልኩሌተር አወጣሁ፣ 261.6ን በ5 አባዝቼ ለ4 ሳካፍል 327። ማለት ጋሼ በጆሮው ያገኛት ንፁህ ሦስተኛዋን ነው፣ አምስት ለአራት የምትባለውን። ኪቦርድ ላይ ያለችው ኦክታቩ፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው፣ ለ12 እኩል ሲከፋፈል የመጣች ስለሆነች ከሷ ትንሽ ከፍ ትላለች። ሰውዬው ይሄን ሂሳብ አያውቀውም፣ 30 ዓመት ሙሉ ሞተር ሲያዳምጥ ነው የኖረው። እኔ ስንት ቪዲዮ አይቼ ያልሰማኋትን እሱ ዘይት በነካው እጁ አገኛት፣ ይሄን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ ስከፍታት ሁሉም ድምፅ ወርዷል፣ ደነገጥኩ፣ ለካ የተጠቀምኩት ሴራሚክ ካፓሲተር ነው፣ ርካሾቹ ሙቀት ሲቀያየር አብረው ይቀያየራሉ። ግን ተመልከቱ፣ ካፓሲተሩን አምስቱም ቁልፎች ስለሚጋሩት አብረው ነው የወረዱት፣ ቅኝቱ አልፈረሰም፣ ጋሼ ያስቀመጣት ሚ ከዶ ጋር ያላት ርቀት እንዳለ ነው። ክራር መቺም ለዘፋኙ ድምፅ ብሎ ዝቅ ያደርገው የለ፣ እንደዛ። ከዛ በፖሊስተር ካፓሲተር ቀየርኩት፣ አሁን ብዙም አትንቀሳቀስም።

ሳጥኗ ዋንዛ ናት፣ በርጩማ የሚጠርብ ልጅ ነው ከትራፊ እንጨት የሰራልኝ፣ ክዳኗ ላይ አምስት ቀዳዳ አለ፣ ካቻቢቴ እንዲገባ። ልዘጋቸው ይችል ነበር፣ አልዘጋኋቸውም።

ቀጥሎ አንቺሆዬ ቅኝትን ነው የማስበው፣ እሱ ከባድ ነው፣ ጋሼን አጠገቤ ሳላስቀምጥ አልጀምረውም። እስከዛ ይቺን ላሰማችሁ፣ ዝናቡም ቀነስ ብሏል… ዶ… ሬ… ሚ… ቆይ፣ ሶሏ ትንሽ ወርዳለች መሰለኝ፣ ካቻቢቴው የት ሄደ፣ አንዴ ጠብቁኝ።