ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ወይስ ካኖን አር6 ማርክ 2? መልሱ የተበላሹባችሁ ፎቶዎች ውስጥ ነው

[በስክሪኑ፦ ሁለቱ ካሜራዎች ጎን ለጎን፣ ሌንስ ሳይገጠምላቸው]

ሁለት ካሜራ ፊታችሁ ተቀምጧል። አንዱ በፈረንጆቹ 2021 የወጣው ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ነው። ሌላው ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው ካኖን አር6 ማርክ 2። ሲወጡ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር። ሁለቱም ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው)፣ ሁለቱም ፉል ፍሬም (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰራቸው እንደ ድሮው 35 ሚሊሜትር ፊልም የሰፋ) ናቸው። ባትሪና ካርድ ሲገባባቸው ሶኒው 658 ግራም ይመዝናል፤ ካኖኑ 670። በ12 ግራም የማንም አንገት አይጎዳም፤ ክብደቱን እዚሁ እንተወው።

የትኛው ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም ሁሌ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ባለፈው ዓመት ካነሳችሁት ውስጥ የትኞቹ ፎቶዎች ተበላሹባችሁ?

ይህን የምለው ለመሸሽ አይደለም። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አባት እንባውን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ አነሳሁት። ቤት ገብቼ በትልቁ ስክሪን ስከፍተው ፎከሱ ያረፈው ከኋላው ያለው መጋረጃ ላይ ነው። ያን ፎቶ እስካሁን አልሰረዝኩትም። ቀጣዩን ካሜራ ስመርጥ ምን መፈለግ እንዳለብኝ ያስተማረኝ እሱ ነው። የእናንተም የተበላሸ ፎቶ አንድ ነገር ይነግራችኋል። እሱን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

[በስክሪኑ፦ 33 ሜጋፒክሰል እና 24 ሜጋፒክሰል]

መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ቁጥር ይሄ ነው። ሶኒው 33 ሜጋፒክሰል፣ ካኖኑ 24። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል። አሁን በፎቶው ወርድ እንለካው። የሶኒው ፎቶ በወርዱ 7008 ፒክሰል ነው። የካኖኑ 6000። በወርድ ሲታይ ብልጫው 17 በመቶ ብቻ ነው።

ወደ ወረቀት እንቀይረው። ለጥራት ኅትመት ብዙ ጊዜ በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል ይያዛል። በዚህ ስሌት የካኖኑ ፎቶ 51 ሴንቲሜትር ገደማ ወርድ ይወጣዋል፤ የሶኒው 59። ስምንት ሴንቲሜትር ማለት ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ለሚያየው ሰው የትኛው ከየትኛው እንደመጣ መለየት ይከብዳል።

ታዲያ 33 ሜጋፒክሰል ከንቱ ነው? አይደለም። የሚጠቅመው ስትቆርጡ ነው። ወፏ ራቅ ብላ ከሆነና ከፎቶው መሃሏን ብቻ ካስቀራችሁ ትርፏ ፒክሰል ዋጋ አላት። ሁለቱም ካሜራዎች የሴንሰሩን መሃል ብቻ የሚጠቀሙበት ክሮፕ የሚባል ሁነታ አላቸው። በዚያ ሁነታ ሶኒው 14 ሜጋፒክሰል ገደማ ይተውላችኋል። ካኖኑ ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ስለሚቆርጥ የሚቀረው ወደ 9 ነው። 14 እና 9 ግን የምር ልዩነት ነው። ስለዚህ የተበላሹባችሁ ፎቶዎች "ምነው ትንሽ ቀርቤ ቢሆን" የሚያሰኙ ከሆኑ ሶኒውን አስቡ።

ፒክሰሉ ቦታም ይበላል። የሶኒው ራው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል፣ ሳይታመቅ 70 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ጥራቱ ሳይነካ ሲታመቅ ወደ 40 ይወርዳል። የካኖኑ 30 ገደማ ነው። በአንድ ዝግጅት 2000 ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ የሃርድ ዲስክ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሩ ያረጀበትማ ኤዲት ሲያደርግ በደንብ ይሰማዋል።

[በስክሪኑ፦ ከቅርንጫፍ የምትነሳ ወፍ፣ ፍሬም በፍሬም]

አሁን ፍጥነት። እዚህ ላይ ካኖኑ ጥሎ ይሄዳል።

በሜካኒካል ሻተር፣ ማለትም ብርሃኑን በሚከፍትና በሚዘጋው መጋረጃ፣ ካኖኑ በሰከንድ 12 ፎቶ ያነሳል። በኤሌክትሮኒክ ሻተር፣ መጋረጃው ሳይንቀሳቀስና ድምፅ ሳያሰማ፣ 40። ሶኒው በሰከንድ 10 ይላል። ግን ልብ በሉ፤ ያ 10 የሚገኘው ራው ፋይሉ ከጥራቱ ትንሽ ተቀንሶ ሲታመቅ ነው። ሙሉውን ራው ልያዝ ካላችሁ ወደ 6 ይወርዳል። ይህን ሳያውቁ ገዝተው ሜዳ ላይ ግራ የሚጋቡ ሰዎች አሉ።

40ውም ቢሆን ገደብ አለው። ራው እያነሳችሁ ጣታችሁን ካላነሳችሁ የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ ሁለት ሰከንድ ገደማ ላይ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ካሜራው ወደ ካርዱ እስኪያራግፍ ፍጥነቱ ይወድቃል። ስለዚህ 40ን እንደ ቧንቧ ውሃ ከፍቶ መተው አይቻልም። ሰዓቱን ጠብቆ መልቀቅ ነው።

ከ40ው ይልቅ እኔ የምወድለት ሌላ ነገር አለ። ራው በርስት በሚባለው ሁነታ ጣታችሁን ግማሽ ተጭናችሁ ስትጠብቁ ካሜራው በሰከንድ 30 ፍሬም እያነሳ እያጠፋ ይቆያል። ሙሉ ስትጫኑ ከመጫናችሁ በፊት የነበረውን ግማሽ ሰከንድ ጭምር ያስቀርላችኋል። የሰው እጅ ዓይኑ ያየውን ለመታዘዝ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ወፏ ስትነሳ አይተን ስንጫን የምናገኘው ባዶ ቅርንጫፍ የሆነው ለዚህ ነው። ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ይህ የለውም። ወፍ፣ ኳስ፣ የሚዘል ሕፃን ለሚያነሳ ሰው ይህ አንድ ነገር ብቻውን ምርጫውን ሊዘጋው ይችላል።

ኤሌክትሮኒክ ሻተር ካነሳን አይቀር፣ ድምፁን ማጥፋት የምትወዱ ሰዎች እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሴንሰሩ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። ሶኒው አንብቦ ለመጨረስ 1/15 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ካኖኑ ወደ 1/70 ይጠጋል። አንብቦ ሳይጨርስ ነገሩ ከተንቀሳቀሰ ቅርጹ ይጣመማል። ቀጥ ያለው የጎልፍ ዱላ ቀስት ይሆናል። በአንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ሥር ደግሞ ፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ይሰለፋል። ሶኒውን በጸጥታ ሁነታ ለተቀመጠ ሰው ተጠቀሙበት፤ ለሚንቀሳቀስ ነገር ወደ ሜካኒካሉ ተመለሱ። ካኖኑም ፍጹም አይደለም፤ ግን ብዙ ይፈቅድላችኋል።

[በስክሪኑ፦ ዓይን ላይ ያረፈ የፎከስ ሳጥን]

ፎከስ። የሙሽራዋ አባት ጉዳይ።

ሁለቱም ዓይንን ፈልገው ይይዛሉ፤ ሰው ቢንቀሳቀስም ይከተላሉ። ከአሥር ዓመት በፊት ከነበሩት ጋር ስናነጻጽራቸው የትኛውም ቢሆን ያስደስታል። ልዩነቱ አሠራራቸው ላይ ነው። ሶኒው ላይ ሰው፣ እንስሳ ወይስ ወፍ ብላችሁ አስቀድማችሁ ትመርጣላችሁ። ካኖኑ "አውቶ" የሚል ምርጫ አለው፤ ፊቱ የመጣው ሰው ይሁን ውሻ ወይ መኪና ራሱ ይለያል። ፈረስ፣ ባቡርና አውሮፕላንም ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ ሰው ብቻ ለሚያነሳ ይህ ለውጥ አያመጣም። ያገኘውን ሁሉ ለሚያነሳ ግን እጅ ያሳርፋል።

የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋውን ነገር በአጭሩ። ሶኒ 5.5 ስቶፕ ይላል፤ ካኖን እንደ ሌንሱ እስከ 8። አንድ ስቶፕ ማለት ሻተሩ የሚከፈትበት ጊዜ በእጥፍ መጨመር ማለት ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ በተለምዶ 1/50 ሰከንድ ድረስ እጃችንን እናምናለን። አምስት ስቶፕ ሲጨመርበት በወረቀት ላይ ከግማሽ ሰከንድ ያልፋል። ለሕንፃ፣ ለምሽት ጎዳና፣ ለፏፏቴ ድንቅ ነው። ሰውየው ራሱ ከተንቀሳቀሰ ግን 5.5ም ሆነ 8 አያድነውም። የደበዘዙባችሁ ፎቶዎች ውስጥ ሰውየው ደብዝዞ ግድግዳው ጥርት ካለ የሚያስፈልጋችሁ ማረጋጊያ አይደለም። ፈጣን ሻተር ወይም ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ ነው።

ቪዲዮ ለሚሠሩም ሁለት ቃል። ሁለቱም ፎርኬ በሰከንድ 60 ፍሬም ይቀርጻሉ። ካኖኑ ይህን የሚያደርገው በሴንሰሩ ሙሉ ወርድ ነው። ሶኒው በ60 ሲሆን ይቆርጣል፤ ሰፊው ሌንሳችሁ በ1.5 እጥፍ ይጠባል። በትንሽ ክፍል ውስጥ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ያስለጥፈዋል። በ24 ወይም በ30 ፍሬም ከሆነ የምትሠሩት የሁለቱም ምስል ያማረ ነው፤ አትጨነቁ።

[በስክሪኑ፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ሌንሶች]

አሁን ቁም ነገሩ ጋ ደረስን። ሌንስ። እስካሁን ያወራነው ሁሉ ከዚህ በታች ነው ብል አላጋነንኩም።

ካሜራ ይቀየራል፤ ሌንስ ይቆያል። ስለዚህ የምትመርጡት ካሜራውን ብቻ አይደለም፤ አብሮት የሚመጣውን የሌንስ ቤተሰብ ጭምር ነው። የሶኒ ኢ ማውንት፣ ማለትም ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት፣ የወጣው በፈረንጆቹ 2010 ነው። ሶኒ ለሌሎች አምራቾች በሩን ከፍቷል። ሲግማና ታምሮን ለዚህ ማውንት ብዙ ሌንስ ሠርተዋል፤ ዋጋቸው ከራሱ ከሶኒ ከፍተኛ ሌንሶች ያነሰ፣ ጥራታቸው ግን የሚያኮራ። ባንድ ሥራ ላይ ሦስት ሌንስ የሚፈልግ ሰው ከካሜራው ዋጋ ይልቅ እዚህ ላይ ነው የሚተርፈው ወይም የሚከስረው።

የካኖን አር ኤፍ ማውንት የመጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ካኖን ለሌሎች በሩን ለረጅም ጊዜ ዘግቶ ቆየ። በ2024 ሲግማና ታምሮን ለአር ኤፍ መሥራት ሲጀምሩም ሌንሶቹ ለአነስተኛው ሴንሰር የተዘጋጁ ነበሩ፤ ለፉል ፍሬም አይደሉም። የካኖን የራሱ ሌንሶች ግሩም ናቸው። በጣም ውዶች አሉ፤ ቀለል ያሉም አሉ። በመካከል ያለው ቦታ ግን ሶኒ ላይ የሰፋውን ያህል አይሰፋም። ይህ እኔን ቅር ያሰኘኛል፤ አልደብቀውም።

ሁለት ነገር ግን ለካኖን ይቆማሉ። አንደኛ፣ ከ1987 ጀምሮ የተሠሩት የኢ ኤፍ ሌንሶች በካኖን አዳፕተር ልክ እንደ ራሱ ሌንስ ይሠራሉ። ቁምሳጥናችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት የቆዩ የካኖን ሌንሶች ካሏችሁ ጉዳዩ አለቀ። ሁለተኛ፣ ካኖን ቀላል የሩቅ ሌንሶች አሉት። የ600 ሚሊሜትር ኤፍ 11 ሌንሱ (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር የብርሃን መግቢያው ይጠባል) 930 ግራም ብቻ ነው። የሶኒው ከ200 እስከ 600 ዙም ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ይህ ይሰማል። በሌላ በኩል ኤፍ 11 የሚያስገባው ብርሃን የሶኒው ዙም በ600 ላይ ከሚያስገባው ሲሶ ያህል ነው። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አውሬና ወፍ በሚወጡበት ሰዓት፣ ካኖኑ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ለማድረግ ይገደዳል፤ ፎቶውም ይሻክራል።

[በስክሪኑ፦ የፎቶ ማኅደር ተከፍቶ፣ ፎቶዎች በሌንስ ርዝመት ሲደረደሩ]

አሁን ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ። ፎቶዎቹን የምታደራጁበት ፕሮግራም እያንዳንዱ ፎቶ በምን ሌንስ፣ በስንት አይኤስኦ፣ በምን ያህል ሻተር እንደተነሳ መዝግቦታል። ያለፈውን ዓመት ብቻ ውሰዱ። በሌንስ ርዝመት ደርድሩት።

አብዛኛው ከ24 እስከ 70 ውስጥ ከወደቀ፣ አይኤስኦውም ብዙ ከፍ ካላለ፣ የሰው ምስልና ጉዞ ላይ ናችሁ። ሶኒውን እመርጥላችኋለሁ፤ በሌንሶቹ ምክንያት። ሻተራችሁ ብዙ ጊዜ ከ1/1000 በላይ ከሆነና ከአንድ ቅጽበት 15 ተመሳሳይ ፎቶ ካገኛችሁ፣ ካኖኑን ያለ ማመንታት። ቪዲዮውና ፎቶው እኩል ከሆነና ጠባብ ቦታ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነም ካኖኑን። ሠርግ ለሚያነሱ ሁለቱም ሁለት ካርድ ስለሚቀበሉ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል፤ እዚያ ላይ የሚወስነው በእጃችሁ ያለው ሌንስ ነው።

አንድ የማልመክረው ነገር አለ። ያላችሁ ካሜራ ካኖን ወይም ሶኒ ከሆነ፣ ሌንሶችም ካሏችሁ፣ ለ9 ሜጋፒክሰል ወይም ለጥቂት ፍሬም ብላችሁ ጎራ አትቀይሩ። የሌንሶቹን ኪሳራ ደምሩት።

አሁንም ልባችሁ ካልቆረጠ ሁለቱንም ለአንድ ቀን ተከራዩ ወይም ተዋሱ። የራሳችሁን ነገር አንሱበት፤ ልጃችሁ ሲሮጥ ከሆነ ልጃችሁን። ከዚያ ቪውፋይንደሩ ላይ ዓይናችሁን እንዳደረጋችሁ፣ ሳታወርዱት፣ አይኤስኦውን ቀይሩ፣ የፎከስ ነጥቡን ከግራ ወደ ቀኝ ውሰዱ። በአንዱ ላይ ጣታችሁ ይፈልጋል፤ በሌላው ላይ ራሱ ያገኘዋል። ማታ ፋይሎቹን ከፍታችሁ ዓይኑ ላይ መቶ በመቶ አጉሉትና ከየካሜራው ስንቱ ጥርት እንዳለ ቁጠሩ።