ሽርጡን አስመልሰን ምክንያቱን ሳንጠይቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። ከጀርባ የሚጮህ ነገር ከሰማችሁ ጎረቤት ብረት እየቆረጡ ነው። ሐዋሳ ላይ ግንባታ የሌለበት ጎረቤት ማግኘት እንደ ሎተሪ ሆኗል፤ ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራው ሥራ ስለሚለቁ ሰዎች ነው። ስለሚባረሩት አይደለም፣ በራሳቸው ጊዜ ስለሚሄዱት።

ሆቴል ውስጥ እንደምሠራ፣ ሰው ማስተዳደር እንጀራዬ እንደሆነ ቀድሞ የሚያዳምጠኝ ያውቃል። እዚህ ከተማ ያለን አስተዳዳሪዎች ቡና ላይ ከተገናኘን ወሬያችን አንድ ነው፤ ሰው ጠፋ። "የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም።" "አሠልጥነህ ስትጨርስ ይሄዳል።" "ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይላል፣ እነሱ ግን ደመወዝ በወጣ ማግስት ስልክ ያጠፋሉ።" እኛ ሆቴሎች የልብስ ፋብሪካዎቹ ያሉበት ኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆቹን ወሰደብን እንላለን። ፓርኩ ውስጥ ያሉ ሱፐርቫይዘሮች ደግሞ ወደ ካፌና ሆቴል ሄዱብን ይላሉ። ሁላችንም ተበዳይ ነን። ታዲያ ልጆቹ የት ገቡ?

ሰሞኑን በዚህ ጉዳይ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትምታቱብኝ።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። አሜሪካ፣ 1913፣ የፎርድ መኪና ፋብሪካ። ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ገና መጀመሩ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ አንዲት ነገር ብቻ ያጠብቃል። ፋብሪካው 14,000 ያህል ሠራተኛ እንዳይጎድልበት በዓመት ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። በመቶኛ ሲሰላ የሚለቀው 370 በመቶ ነው። ያኔም አለቆቹ ቡና ላይ "የዛሬ ልጅ" ሳይሉ አይቀሩም።

በጥር 1914 ሄንሪ ፎርድ የቀኑን ክፍያ ከ2.34 ዶላር ወደ 5 ዶላር አደረሰው። የሥራውን ቀንም ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ስምንት አወረደው። በ1915 የሚለቀው ወደ 16 በመቶ ወረደ። ሰውየው ደግ ሆኖ ነው እንዳትሉ። ጭማሪው ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ሠራተኛው ይጠጣ እንደሆነ፣ ቤቱን በሥርዓት ይይዝ እንደሆነ የሚያጣራ መርማሪ ቤቱ ድረስ ይላክ ነበር። አስቡት፣ አለቃችሁ ጓዳችሁን ሊፈትሽ ሰው ሲልክ! ግን ሒሳቡን አውቆታል። የሚለቅ ሰው ገንዘብ ያስወጣል።

ሁለተኛው ንባብ ከእኛው አገር ነው፤ የበለጠ የነካኝም እሱ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ አምስት ድርጅቶች ጋር ሆነው የሠሩት ጥናት ነው፣ የታተመው በ2018። ለመነሻ ሥራ ካመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ማን እንደሚቀጠር በዕጣ ተለየ። ገሚሱ ፋብሪካ ገባ። ገሚሱ ምንም አላገኘም። የቀሩት ደግሞ 300 ዶላርና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው።

ፋብሪካ ዕጣ ከወጣላቸው ሲሶው ገና በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመት ሳይሞላ ከመቶ 77ቱ ሄደዋል። እስከዚህ ድረስ የቡናው ወሬያችን ትክክል ይመስላል። ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። ዕጣ ያልወጣላቸውም ባዶ እጃቸውን አልተቀመጡም። እርሻውንም፣ ጉልቱንም፣ የቀን ሥራውንም እየሞካከሩ ፋብሪካ ከገቡት ያላነሰ ያገኙ ነበር። ፋብሪካው ሰዓቱ ረዘመ እንጂ ደመወዙ አልበለጠም። በዚያ ላይ ፋብሪካ የገቡት ላይ ከባድ የጤና ችግር ወደ እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ። 300 ዶላር ያገኙት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ጠፍቷል፤ ሁሉም ተቀራርቧል። ይህንንም ማለት አለብኝ፣ አለበለዚያ ለሁሉም ሰው ሦስት መቶ ዶላር እንስጥ የሚል ይነሣል።

ስለዚህ ያቺ በወሯ የለቀቀች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ሒሳብ ሠርታለች። ከእኛ ከአስተዳዳሪዎቹ በተሻለ ሠርታለች እላለሁ።

ወደ ሐዋሳ ስመጣ፣ ፓርኩ በ2016 ተመረቀ። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ከታወቁት ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ያነሰ ነው ብለው ጻፉ። ያን ጊዜ ሐዋሳ የነበረ ሰው ያስታውሳል፤ ከገጠር የመጡ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ፍራሽ መሬት ላይ ነው፣ ሽሮውን በጋራ ነው። የቤት ኪራዩ ከደመወዙ ቀድሞ ሲወጣ በዓይናችን አይተናል።

ደመወዝን ዘሎ ስለ አመራር ማውራት አይሆንልኝም። የምሠራበት ሆቴል አዳራሽ ስለሚያከራይ የአመራር ሥልጠና ሳልከፍል እሰማለሁ። በር ላይ ቆሜ። ባነር ይሰቀላል፣ "ራዕይ"፣ "ተነሳሽነት"፣ "የአስተሳሰብ ለውጥ" ይባላል፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሻይ ይወጣል። ደመወዝ የሚለው ቃል ግን እስከ ምሳ ድረስ አይነሣም። ሻይ የሚያቀርበው ልጅ ይሰማቸው ይሆን እላለሁ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ደመወዝም አይደለም። እዚህ ላይ ሦስተኛው ንባብ ይመጣል።

አልበርት ሂርሽማን የሚባል ምሁር ነበር። በርሊን ተወልዶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ማርሴይ ላይ ብዙ ስደተኞችን ከናዚ ያሸሸ፣ በኋላ አሜሪካ የኖረ የኢኮኖሚ ሰው። በ1960ዎቹ ናይጄሪያ ሄዶ አንድ ነገር ግራ ገባው። ከሰሜን ናይጄሪያ ኦቾሎኒ ወደ ወደብ ይወርዳል፣ መንገዱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ያህል ርቀት ለባቡር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ነጋዴው ግን በጭነት መኪና ይልካል፤ ባቡሩ ተበላሽቷላ። ጥያቄው፣ ተፎካካሪ እያለ ባቡሩ ለምን አልተሻሻለም? የሂርሽማን መልስ፣ ተፎካካሪው ስላለ ነው የሚል ነው። ጮኸው አቤት የሚሉት፣ ቢሮ ድረስ ሄደው ጠረጴዛ የሚመቱት ትልልቅ ደንበኞች መኪና አገኙና ዝም ብለው ሄዱ። አማራጭ የሌለው ብቻ ቀረ፤ እሱ ደግሞ ድምፅ የለውም። ባቡሩም በሰላም መበላሸቱን ቀጠለ።

ይህን ሳነብ ክሊራንስ ትዝ አለኝ። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ቅፅ ይዞ ይዞራል። ንብረት ክፍል ሽርጡንና ዩኒፎርሙን ተረክቦ ይፈርማል። ካሸሯ ጉድለት እንደሌለበት ትፈርማለች። ላውንድሪ ይፈርማል፣ ባር ይፈርማል፣ በመጨረሻ እኔ እፈርማለሁ። አንዲት የጠፋች የቡሽ መክፈቻ ፊርማ ታስቆማለች። ለምን ትሄዳለህ የሚል መስመር ግን ቅፁ ላይ የለም። ለቡሽ መክፈቻ ቦታ አለን፣ ለምክንያት የለንም።

አንዲት አስተናጋጅ ነበረች፣ ጎበዝ። እንግዳ በስሙ የምትጠራ፣ ሒሳብ የማትሳሳት። ለቀቀች። የሄደችው ደግሞ ከእኛ ያነሰ ወደሚከፍል ካፌ ነው። ሊገባኝ ስላልቻለ ቅፁን ከመፈረሜ በፊት ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ጠየቅኳት። መጀመሪያ "ምንም የለም ጋሼ፣ የግል ጉዳይ ነው" አለች። ይህ መልስ የሁሉም ነው። ትንሽ ዝም ብዬ ስጠብቅ መጣ። ቤቷ ወደ ቱላ መውጫ ነው። የማታ ሽፍት የሚያልቀው አራት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ በኮንትራት ካልሆነ አይገኝም። "ቲፕ ያገኘሁትን ባጃጁ ይወስደዋል ጋሼ። ካላገኘሁ ደግሞ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እሱን ደግሞ እናቴ አልቻለችም።" ካፌው ሠፈሯ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሒሳቡ ይኸው።

ለምን ቀድማ አልነገረችኝም? ይህን ለሆቴሉ ባለቤት ስነግረው እሱም ያለው ይህንኑ ነው፤ "አፍ የላትም እንዴ?"

አፍ አላት። ግን እኛ አገር "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" ተብሎ ያደገ ሰው አለቃው ፊት የሚናገረውን ይመርጣል። በዚያ ላይ ግምገማ አለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የኖረ ያውቀዋል። ስብሰባ ማለት ስህተት የሚለቀምበት፣ የተናገረ የሚመዘገብበት ቦታ ሆኖ ስንት ዓመት አለፈ። እንደዚያ ያደገ ሰው ስብሰባ ላይ "አስተያየት ያለው" ስትለው ጫማውን ያያል። የሐሳብ መስጫ ሣጥንም አለን። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ስከፍተው የማገኘው የእንግዳ የከረሜላ ልጣጭ ነው።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ጎበዝ ቡድኖች ትንሽ ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጀመረች። ውጤቱ ተገልብጦ መጣ። ጥሩ አመራር ያላቸው ክፍሎች ብዙ ስህተት ተመዘገበባቸው። ቀርባ ስታይ የበለጠ ተሳስተው አልነበረም፤ ተሳሳትኩ ማለት የማያስፈራበት ክፍል ስለሆነ ነው። ሌላው ጋ ስህተቱ አለ፣ ተሸፍኗል። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ቅሬታ የማይሰማበት ክፍል ካላችሁ ለጉራ አትቸኩሉ።

ታዲያ ምን አደረግን? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አንድ ባጃጅ በወር ኮንትራት ያዝን፣ ማታ የሚዘጉትን ልጆች በየሠፈራቸው ያደርሳል። ባለቤቱ "ደግሞ የሰው ትራንስፖርት ልክፈል?" አለ። አዲስ አስተናጋጅ የሚያስወጣውን ጻፍኩለት፤ ዩኒፎርም ማሰፊያ፣ የሚሰበረው ብርጭቆ፣ ተሳስቶ የሚመታ ቢል፣ ከጎኑ ቆሞ የሚያሳየው የነባሩ ልጅ ሰዓት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየውና "እስቲ ለጊዜው" አለ። አሁንም ለጊዜው ነው፣ ግን ባጃጁ ይመጣል።

ሁለተኛው፣ ቢሮ አስጠርቶ መጠየቅ ተውኩ። ቢሮ የተጠራ ሰው ሲገባ ጀምሮ ጥፋቱን እያሰበ ነው። ጠዋት ኪችን እገባለሁ፣ ድንች ሲላጥ አብሬ ቢላ እይዛለሁ፤ ልጆቹ በአላላጤ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። "ችግር አለ?" አልልም፣ ለዚያ መልሱ "የለም" ነው። "ትናንት ማታ ምኑ ነው ያስቸገራችሁ?" እላለሁ። ያኔ ይወጣል። የጋዙ ቧንቧ፣ አሣ ከአሞራ ገደል ዘግይቶ መምጣቱ፣ አንዱ ሱፐርቫይዘር እንግዳ ፊት መቆጣቱ። የመጨረሻዋን ለመስማት ብዙ ድንች ተልጧል።

ሁሉም ተፈታ እያልኩ አይደለም። የማታ አስተናጋጆች መልቀቅ ቀንሰዋል። ከኪችኑ ግን አሁንም ሰው ይለቃል፤ አዲስ አበባ አለ፣ ዱባይ አለ፣ ለዚያ ባጃጅ አይበቃም። ባለፈው ረዳት ሼፋችን ድንቹ ላይ እንዳለን "ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ወር ሰው ፈልግ፣ እኔ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ" አለኝ። ደመወዙን ነገረኝ፣ ልወዳደረው የምችለው አይደለም። አብረን ተተኪ መረጥን፣ አሁን እያሳየው ነው። ስልኩን አላጠፋም።

ፓርክ ውስጥ መስመር የምትመሩ ካላችሁ አንድ ነገር ጻፉልኝ። የሰርቪስ አውቶቡሱን ሰዓት ማን ነው የሚወስነው፣ ልጆቹንስ ጠይቆ ያውቃል? ለቀጣዩ ክፍል ያስፈልገኛል። ብረት ቆራጮቹም ምሳ ወጡ መሰለኝ፣ እኔም ልውጣ። ደህና ሰንብቱ።