የቦነቪሉ ዘይት በየት ይወጣል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። የዛሬው ዝግጅቴ በ1968 እ.ኤ.አ. ስለተሠራችው ትራያምፍ ቦነቪል ሞተር ሳይክሌና ሞተሯን ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንድገጥም ስላስገደደኝ የዘይት ማፍሰስ ችግር ነው። የተሠራችበት ፋብሪካ ከኮቨንትሪ አጠገብ ሜሪደን በምትባል መንደር የነበረ ሲሆን፣ እኔ ከምኖርበት ከበርሚንግሃም ብዙም አይርቅም፤ ዛሬ ፋብሪካው ፈርሶ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተውበታል። የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ወዳጆች «ዘይት ካላፈሰሰች ዘይት ጨርሳለች ማለት ነው» ይላሉ። ይህን አባባል አልቀበለውም፤ በጥንቃቄ ለተገጠመ ሞተር ስድብ፣ በግዴለሽነት ለተገጠመው ደግሞ መሸሸጊያ ሆኖ ይታየኛል።

በመጀመሪያው ጊዜ እኔም የተማመንኩት በሲሊኮን ነበር። ያገኘሁትን መገጣጠሚያ ሁሉ ቀባሁ፤ የዘይት ፓምፑ የሚቀመጥበትን ገጽ እንኳ አልተውኩም። ሁለት ወር ሳይሞላ ከሞተሩ ሥር ዘይት ይጠራቀም ጀመር። ፓምፑን ስፈታው፣ ዘይቱን ከክራንኩ ቤት (ክራንኩ ከሚዞርበት የሞተሩ የታችኛው ክፍል) ስቦ ወደ ዘይት ታንኩ በሚመልሰው ወገን፣ ከትንሿ የብረት ኳስ ሥር ከምስር ክክ የማትበልጥ ቀይ የሲሊኮን ቁራጭ ተሰንቅራ አገኘሁ። ከገጹ ላይ ተጨምቃ ወደ ውስጥ የገባች ናት። ኳሷ በወጉ መዝጋት ስላልቻለች ፓምፑ ዘይቱን መመለስ አቅቶት፣ የክራንኩ ቤት ሞልቶ በመተንፈሻው በኩል ይተፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል ገብቶ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ስስ ንጣፍ) ከማንሳቴ በፊት ስለ ውስጥ ግፊት አስባለሁ። በዚህ ሞተር ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ በወረዱ ቁጥር 650 ሲሲ ገደማ አየር ከሥራቸው ይገፋሉ፤ ክራንኩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ይህ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይደጋገማል። ያ አየር መውጫ ካጣ ዘይቱን ይዞ በደካማው መገጣጠሚያ በኩል ይወጣል። እንደ እኔዋ ባሉት ላይ መተንፈሻውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የመግቢያ ባልቦላዎቹን በሚያንቀሳቅሰው ዘንግ (ካምሻፍት) ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ትንሽ ዲስክ ሲሆን፣ ለ1970 ሞዴል ግን ፋብሪካው ይህን ትቶ አየሩ ፍሪሲዮኑን በሚያዞረው ካቴና ቤት አልፎ በሰፊ ቱቦ እንዲወጣ አድርጓል። የፒስተን ፋሻዎቹ ካለቁ ደግሞ የቃጠሎው ጋዝ ስለሚጨመርበት ምንም ዓይነት ጓርኒሲዮን አይችለውም፤ ስለዚህ ሲሊንደሩና ፋሻው ሳይለካ ሌላውን መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

የክራንኩ ቤት ግራና ቀኝ ሆኖ ለሁለት የሚከፈል ነው፤ ሲሊንደሩም የሚቀመጠው በሁለቱም ግማሾች ላይ ነው። አንዱ ከሌላው በፀጉር ያህል ከፍ ካለ ከሲሊንደሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን እኩል አይጨመቅም። በግማሾቹ መካከል የቀባሁት ማጣበቂያ ሳይደርቅ ሲሊንደሩን ለጊዜው አስቀምጬ ዳዶዎቹን አጠብቃለሁ፤ የክራንኩን ቤት ብሎኖች የማጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሲሊንደሩን መልሼ ሳነሣ መጋጠሚያውን በጥፍሬ እዳብሰዋለሁ፤ ጥፍሬን ከያዘው እንደገና እፈታለሁ። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የጎን ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ስለከፈተው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ጭረት እንደ ቦይ ዘይቱን ይመራው ነበር። ክዳኑን በማርከር ቀብቼ፣ ወፍራም መስታወት ላይ በተነጠፈ ስስ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ አሸሁት፤ ቀለሙ ያልለቀቀበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። የክራንኩን ቤት ግማሾች ግን በዚህ መንገድ አልነካም፤ የኩሽኔታዎቹ ልክ የተመሠረተው በእነርሱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፑሽሮድ ቱቦዎቹ ላይ ነው። ባልቦላዎቹን ለመክፈት የሚገፉት ዘንጎች (ፑሽሮዶች) የሚያልፉባቸው፣ በሲሊንደሩ ፊትና ኋላ የቆሙት እነዚህ ቱቦዎች ከላይም ከታችም የጎማ ቀለበት አላቸው። ጎማው ከቀጠነ ያፈሳል፤ ከወፈረ ደግሞ ቴስታውን (ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነውን ክፍል) ተሸክሞ ይዞ የቴስታው ጓርኒሲዮን እንዳይጨመቅ ያደርጋል። ስለዚህ ቴስታውን ሳላጠብቅ አስቀምጬ በእርሱና በጓርኒሲዮኑ መካከል ያለውን ክፍተት እለካለሁ፤ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ደስ ይለኛል። የእኔ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ስለነበረ ቀለበቶቹን በቀጫጭኖች ለወጥኳቸው። የመዳብ ጓርኒሲዮኑንም፣ ሲጨመቅ ስለሚደድር፣ መብራት አጥፍቼ በጋዝ እሳት ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ሲወጣ በጣት እንደ ቆርቆሮ ወረቀት የሚታጠፍ ሆኖ ነበር።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ የቴስታውን ብሎኖች እንደገና አጥብቄ የባልቦላዎቹን ክፍተት አስተካከልኩ። ቀጥሎም ሞተሩን አጥቤ በየመገጣጠሚያው የሕፃናት ፓውደር ነሰነስኩ። ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው መፈለግ ያለበት ከሁሉ በላይና ከሁሉ በፊት የረጠበው ቦታ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ስመለስ ፓውደሩ ከአንድ ቦታ በቀር ነጭ እንደሆነ ነበር፤ የረጠበው የአንደኛው ሮከር ዘንግ (ባልቦላዎቹን የሚጫኑት ክንዶች የሚወዛወዙበት ዘንግ) ጫፍ ነው። በዘንጉ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ስትገባ የቀዳዳው ስለታም ጠርዝ ሳይቆርጣት አልቀረም። ቅዳሜ አውጥቼ እቀይራታለሁ፤ በዚህ ጊዜ ቀለበቷን እያጠበበ የሚያስገባ ሾጣጣ ቱቦ ቶርኖ ቤት አሠርቻለሁ።